የልጃገረድ ሸሚዝ አለካክ

ሥራ አቆምኩ እንጂ ጡረታ አልወጣሁም። ጡረታ የሚወጣ ሰው ዕድሜው ደርሶ፣ ደብዳቤ ተጽፎለት፣ ባልደረቦቹ ኬክ ቆርሰውለት ነው። እኔን ያስቆመኝ አንድ አይሱዙ መኪና ነው። ሱሉልታ ውስጥ ለዓመታት ዩኒፎርም ስሰፋለት ከኖርኩት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመና በላስቲክ የታሰረ ልብስ አራገፈ። ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ። "ከእንግዲህ ከፋብሪካ ነው የምናስመጣው፤ እስከዛሬ ስላገለገሉን እናመሰግናለን" አሉኝ። ምስጋናውን ተቀብዬ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጎረቤቶቼ "እሰይ፣ ዐይንሽ ይረፍ" አሉ። ዐይኔ ምንም አልሆነም። ዛሬም ያለ መነጽር ክር መርፌ ውስጥ አስገባለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ዐይኔ ለመከራከር አይደለም። እዚህ ሰፈር "ያቺ ትምህርት ቤት የበጠበጠች ሰፊ" የምትባለው ሴት እኔ ነኝ። እውነታቸውን ነው፤ በጥብጫለሁ። በምን እንደበጠበጥኩ ግን ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ተበላሽቷል። አንዱ ሥራዋን ስለተቀማች ነው ይላል፣ ሌላው ልጇን አቀማጥላ ነው ይላል። ስለዚህ ከእኔ ይሰማ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ቢሆንም የደረሰብኝን ለመጻፍ ይበቃኛል።

ሙያውን የተማርኩት ሰበታ፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከነበራቸው ከኦቦ ቶለሳ ነው። ትምህርቴን ሳቋርጥ እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መጀመሪያ ቁልፍ መትከል፣ ቀጥሎ ጠርዝ መዘምዘም፣ ከዚያ ካውያ። መቀስ እስኪያስይዙኝ ድረስ ብዙ ክረምት አለፈ። ስለ ደመወዙ የሚወራ ነገር የለም፤ ምሳ ግን ከቤታቸው ነበር የምበላው፣ ሽሮው ላይ ቅቤ አይጠፋም።

ኦቦ ቶለሳ ሴት ልጅ ሲመጣባቸው በእጃቸው አይለኩም። ባለቤታቸውን አዴ ጫልቱን ይጠራሉ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠመኔ ይዘው ይቆማሉ፤ አዴ ጫልቱ ለክታ ቁጥሩን ትነግራቸዋለች። አዴ ጫልቱ ጉልበቷን ሲያማት ሜትሩ ወደ እኔ ተላለፈ። ያን ጊዜ ነው ግድግዳ እያዩ እንኳ ስህተቴን እንደሚያውቁ የተረዳሁት።

"ዘነቡ፣ ልጅቷ ትንፋሿን ይዛለች" ይሉኛል፣ ዞር ሳይሉ።

"በምን አወቁ?"

"ዝም ብላለቻ። የምትለካ ልጅ ሁልጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች። የማትተነፍስበት ሸሚዝ ልትሰፊላት ነው?" ከዚያ ለልጅቷ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?" ይሏታል። ልጅቷ "ጭኮ" ወይም "ዳቦ በሻይ" ስትል ትንፋሿ ይወጣል፣ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻዋ ወደ ቦታው ይወርዳል። "አሁን! ሱታ፣ ቀስ ብለሽ ለኪ" ይሉኛል። ቆማ፣ ተቀምጣ፣ እጇን ሰቅላ፤ አንዲት ልጅ ሦስት ጊዜ ሳትለካ ጨርቅ አይቆረጥም። ልጅ ሐውልት አይደለችም ይሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ክር ጫፉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ታስሮ፣ ከልጅቷ ማጅራት ላይ ወደ ታች ይለቀቃል። ክሩ በጀርባዋ መሀል ቀጥ ብሎ ከወረደ ጥሩ። ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ቦርሳዋን በየትኛው ትከሻ እንደምታንጠለጥል ይጠይቋታል፣ ታናሽ ወንድሟን በየትኛው ጎኗ እንደምታዝል ይጠይቋታል። ይህን የሚያደርጉት ሐኪም ነኝ ብለው አይደለም። ትከሻው ያልታወቀ ሰው ኮሌታ አይቆምለትም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከሁሉ ያስቸገራቸው "ታድግበታለች" የሚለው ቃል ነበር። መስከረም በመጣ ቁጥር እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። አንዷን አልረሳትም።

"ኦቦ ቶለሳ፣ ሰፋ ያድርጉት እንግዲህ። ታድግበታለች።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትጨርስ ነዋ!"

"እንግዲያው ድንኳን ልስፋላት። ትዳርበታለችም።"

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። የተሰፋ ጉርድ አንስተው ገልብጠው አሳዩአት፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ በሰፊው ታጥፏል፣ ወገቡ ውስጥ ሌላ እጥፋት አለ፣ ጎኑ ላይ ጨርቅ ተርፏል። "ልብሱ ዛሬ የዛሬ ልኳ ይሁን። ነገን እዚህ ውስጥ ቀብሬልሻለሁ። ስታድግ አምጫት፣ እፈታዋለሁ፤ ሳንቲም አትከፍይም" አሏት።

ይህን ያህል የሚያስጨንቃቸው ለምን እንደሆነ የገባኝ መንገድ ላይ ልጃገረዶችን ሳይ ነው። ሰፊ ጉርድ የለበሰች ልጅ በአንድ ክንዷ ወገቧን ጨምድዳ ትሄዳለች፣ እንዳይወርድባት። ወይ በመርፌ ቁልፍ በአንድ በኩል ትሰበስበዋለች፤ እንዳይወጋት ደግሞ ወደዚያው ጎን ትታጠፋለች። አትሮጥም። ገመድ አትዘልም። እናቲቱ ለሦስት ዓመት ልብስ ገዛሁ ስትል ለሦስት ዓመት አካሄድ ገዝታላታለች።

ባሌ አናጢ ነው። ሥራው ቡራዩ ሲበዛ ወደዚያ ገባን። እዚያ የቀጠረችኝ ወይዘሮ አስካለ የሁለት ትምህርት ቤት ኮንትራት የያዘች፣ ምላሷ ከመቀስ የፈጠነ ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ ትቸኩላለች እንጂ። እኔ ልጅ እያቆምኩ፣ እያስቀመጥኩ፣ ስለ ቁርሷ ስጠይቅ ስታየኝ ትበግናለች።

"ዘነቡ! እየለካሻት ነው ወይስ ለወንድምሽ እያጨሻት ነው?"

"እየለካኋት ነው።"

"እንግዲያው የአባቷንም ስም ጠይቂያትና ጨርሺ! ወረፋው አስፋልት ደርሷል!"

አንድ ቀን የተሰፋ ልብስ ላደርስ ከአንደኛው ትምህርት ቤት ስገባ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር። ወንዶቹ ሜዳውን አቧራ በአቧራ አድርገውታል። ሴቶቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሰው፣ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው።

"ምነው እናንተ አትጫወቱም?" አልኳቸው።

"ሆዳችንን አሞን ነው፣ እትዬ።"

"ሁላችሁንም?"

ተሳሳቁ። አንደኛዋ፣ ደፋሯ፣ "እትዬ፣ ጉርዱ ይወርዳል" አለች። ሌላዋ ወደ መሬት እያየች፣ "ሸሚዙም ይከፈታል" አለች። የት እንደሚከፈት አልነገረችኝም። አቅፋው የነበረውን ደብተር ብቻ ጠበቅ አደረገችው።

ልጃገረድ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ደረቷ ይመጣል። ሸሚዙ ግን ለወንድ ልጅ በሚቆረጠው ልክ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ቀና ካለች በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁልፍ መሀል አፍ ይከፍታል። እንዳይከፈት ምን ታደርጋለች? ትከሻዋን ወደ ፊት ታመጣለች፣ ጀርባዋን ታጎብጣለች። ሰው "ይህች ልጅ ምን ያቀረቅራታል፣ ሰነፍ ናት" ይላል። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ በጀርባዋ ጨብጣ የምትውል ልጅ ሰነፍ ናት?

ከዚያ በኋላ ለትልልቆቹ ሴቶች አቆራረጤን ቀየርኩ። ብብት ሥር ትንሽ ስፋት ጨመርኩ፣ ከሁለተኛው ቁልፍ በታችም ከውጭ የማትታይ አንዲት ስውር ቁልፍ ተከልኩ። አስካለ ስታይ ጮኸች።

"ቁልፍ ከሰማይ ይዘንባል? በኮንትራቱ የሌለ ቁልፍ!"

"ከደመወዜ ቁረጪው።"

ቆረጠችው። በሚቀጥለው መስከረም እናቶች መጥተው "ያቺ ድብቅ ቁልፍ ያላትን ነው የምንፈልገው" ሲሏት መቁረጡን ተወች። ይቅርታ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ቡራዩ ያሸነፍኩበት ብቻ አይደለም። የተሸነፍኩበትንም ልናገር። መስከረም የምትባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። የአክስቷ ሰርግ ላይ ሚዜ ልትሆን ነው፤ ቀሚስ ይሰፋላት ተባለ። ክሩን ስለቅቀው ወደ ጎን ሸሸ። የቦርሳ ነገር መስሎኝ ጠየቅኋት፤ ቦርሳዋን በሁለቱም ትከሻዋ ነው የምትይዘው። ጫማዋን እንድትነካ ጎንበስ አስባልኳት። የጀርባዋ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ወጣ። ይህ እንደ ግድግዳ ሥሮቹ ልጆች ከልብስ የመጣ አልነበረም፤ ቀና በይ ስትባል ቀና ብላም ክሩ እንደሸሸ ነው።

እናቷ ለካ ታውቃለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "በዝቅተኛው ትከሻዋ ስፖንጅ ክተችበት። እኩል ይምሰል" አለችኝ።

"ስፖንጅ አልከትም። ሐኪም ቤት ውሰጃት" አልኩ። ሱቁ ሞልቶ ነበር። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። "ልጄን በሰው ፊት ጎባጣ አልሽብኝ?" አለች። ልጅቷን ጎትታ ወጣች። ቀሚሱ ሌላ ቦታ ተሰፋ፤ ስፖንጅም ተከተተበት፤ በሰርጉ ላይ ያዩአት ሁሉ ታምር ነበር አሉ። ልጅቷን ያየኋት በሌላው ዓመት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ትከሻዋ ብሶባታል። እሷው ቀድማ ሰላም አለችኝ። "እትዬ፣ አሁን ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ቀደም ብለሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር አሉኝ" አለችኝ፤ ወቀሳ የለበትም ድምፅዋ። ታክሲው መጣ፣ ገባች።

ስፖንጁን እምቢ በማለቴ ዛሬም አልጸጸትም። ነገ ሌላ እናት ብትመጣ እምቢ እላታለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር የምናገረው እናቲቱን ለብቻዋ ጓዳ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ቀስ ብዬ ነው። እውነት በአደባባይ ሲወረወር ሰው ወደ ሐኪም አይሮጥም፤ ወደ ሌላ ሰፊ ይሮጣል።

ሱሉልታ ስንመጣ የራሴን የእግር መኪና ገዛሁ፤ ለትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ተከራይቼ መስፋት ጀመርኩ። ልጄ ቃልኪዳን ያን ጊዜ ሕፃን ናት። ከብዙ ልመና በኋላ፣ ሰው ተስፋ ከቆረጠብኝ በኋላ ያገኘኋት አንድ ልጅ ናት። በእሷ ነገር ጤነኛ አይደለሁም፤ አባቷም ይነግረኛል። ውሃ አፍልቼ እንደገና አፈላለሁ። ስታስነጥስ ግንባሯን እነካለሁ። እዚህ አገር ጠዋት ጠዋት ሯጮች በሜዳው ላይ እንደ ንብ ይተማሉ፤ ቃልኪዳን በመስኮት እያየቻቸው፣ "እማዬ፣ እኔም ልሩጥ?" ትለኛለች። "ይበርድሻል። ትወድቂያለሽ" እላታለሁ። የሰው ልጆች እንዲሮጡ ስሰፋ የኖርኩ ሴት የራሴን በሩ ላይ አቆምኳት።

ከዚያ ያ አይሱዙ መጣ። ቃልኪዳን ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። ዩኒፎርሙን ከትምህርት ቤቱ መግዛት ግዴታ ሆነ፤ ገዛሁ። ግን በንዴት፣ "እጄን አላስነካውም!" ብዬ ማልኩ። እንደታሰረ ከነላስቲኩ ሰጠኋት። በሥራ ዘመኔ ስንቱን ልጅ ሦስት ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ፤ የራሴ ልጅ የማላውቀው ሰው የቆረጠውን ሸሚዝ ለብሳ ስትወጣ ግን ቀና ብዬ አላየኋትም። ኩራቴ ነው ያላሳየኝ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ልጄ መጉበጥ ጀመረች። ቀትር ላይ ሹራቧን አታወልቅም። ቦርሳዋን ከፊቷ ታንጠለጥላለች። የስፖርት መምህርቷ፣ ሐዊ የምትባል ወጣት ሴት፣ አስጠራችኝ። "ቃልኪዳን ከእኔ ክፍለ ጊዜ ትቀራለች። ጀርባዋም ደስ አላለኝም" አለችኝ።

ለእኔ የታየችኝ የቡራዩዋ መስከረም ናት። ቤት ገብቼ ክሩን ማጅራቷ ላይ ለቀቅሁት፤ ቁልፉ እንደ ደወል ተወዛወዘ እንጂ አልቆመልኝም። በማግሥቱ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ጎንበስ ቀና አደረገቻት፣ ራጅ አስነሳቻት፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ።

"እናት፣ አጥንቷ ቀጥ ያለ ነው" አለችኝ ሐኪሟ። "ቀና በይ ስላት ቀና ትላለች። ለምን ቀና እንደማትል ግን ራጁ አይነግረኝም። እሷን ይጠይቋት።"

ታክሲ ውስጥ ጠየቅኋት። ረዳቱ "ሱሉልታ! ሱሉልታ! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። መኪናው እንጦጦን ሲወጣ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ "ሸሚዙ ይከፈታል" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሸሚዙ፣ እማዬ። ቀና ስል ይከፈታል። ወንዶቹ 'መስኮቱ ተከፈተ' ይላሉ።"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም? እናትሽ ሰፊ አይደለችም?"

"አላስነካውም ብለሽ ምለሻላ።"

ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም።

ቤት እንደደረስን መሐላዬን አፈረስኩ። ሸሚዙን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ዘረጋሁት። ፋብሪካ ውስጡ የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ጎኑ ተላጭቶ፣ ነገ የሚባል ነገር ሳይታሰብበት ተሰፍቷል። ለስፋት የሚሆን ጨርቅ ከየት ላምጣ? ጉርዱ ውስጥ ከሚገባው ከሸሚዙ ጅራት ቆረጥኩ። ያንን ብብቷ ሥር እንደ መሐረብ አጥፌ ከተትኩት። ስውር ቁልፏን ተከልኩ። ከውጭ ያየው ሰው ከሌላው አይለየውም። አለበስኳትና፣ "ዛሬ ምሳ ምን በላሽ?" አልኳት።

"አብረን አይደል እንዴ የበላነው?" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ለካኋት።

ሸሚዙ ተስተካከለ ማለት ጀርባዋ ተስተካከለ ማለት አልነበረም። ይህን ያስረዳችኝ መምህርት ሐዊ ናት። ጀርባ የለመደውን አይረሳም አለችኝ። ልጄን ግድግዳ አስደግፋ፣ ተረከዟን፣ ትከሻዋን፣ ጭንቅላቷን አስነክታ እጇን ወደ ላይ እያንሸራተተች እንድትሰቅል አለማመደቻት። "ልብሱ ያንቺ ድርሻ ነው፣ ጀርባው የእኔ። ሩጫው ደግሞ የሷ" አለችኝ። እኔም እየፈራሁ እሺ አልኩ።

ወሬው ወጣ። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቴ የምሕረት እናት ናት። ከወላይታ መጥታ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ፣ እሑድ በቸርች መዝሙር ድምፅዋ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ ሴት ናት። የልጇን ሸሚዝ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ "እኛ ጋ እኮ ጨርቁን እስከ ጉልበት ደርበው በአንድ ጊዜ ነው የሚቆርጡት። የማን ደረት እንደሆነ ማን ያውቃል!" አለች። ቀጥለው ሌሎቹ መጡ። ክፍያ አልተቀበልኩም፤ ክር ይዘው የመጡትን ክሩን ተቀብያለሁ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ የተቀየረ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ወደ ግቢ አይገባም። ምክትል ርዕሰ መምህሩም አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው።

"ወይዘሮ ዘነበች፣ ሥራው ስለቀረብዎት እንደከፋዎት ይገባኛል። ግን በዚህ መንገድ ለመመለስ መሞከር…"

"ሥራ ልመለስ አላልኩም። ሸሚዙ ልጆቹ ላይ እየተከፈተ ነው።"

"የት ነው የሚከፈተው?"

አሳየሁት፤ በራሴ ልብስ ላይ፣ በጣቴ። ወዲያው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። "ይሄ እንግዲህ… የሴቶች ጉዳይ ነው" አለ።

"እኔም ሴት ነኝ። ስለዚህ ለእኔ ተዉልኝ።"

"ዩኒፎርም ማለት አንድ ዓይነት ማለት ነው፣ ወይዘሮ ዘነበች። አንዷ ስትቀይር ነገ ሌላዋ ታሳጥራለች፣ ሌላዋ ታጠብባለች። በሕግ ካልያዝነው አንችልም። ነገ በር ላይ ይጣራል።"

የተናገረው ፈጽሞ ሞኝነት አልነበረም። የሚያጠቡም የሚያሳጥሩም አሉ፤ እኔም ለስንቷ እምቢ ብያለሁ። ግን የኔ ልጅ ጀርባ ለሌላ ልጅ ጉርድ መያዣ አይሆንም አልኩት።

እንዲህ በድፍረት ተናግሬ ስወጣ ጀግና የሆንኩ አይምሰላችሁ። ቤት ስደርስ እህል አልወርድ አለኝ። ልጄ በእኔ ግትርነት ከትምህርቷ ብትባረርስ? ሄጄ ሌላ ሸሚዝ ገዛሁ፣ ያልተነካ፣ ከነላስቲኩ። በቦርሳዬ ደበቅሁት። ጭንቅ ካለ በር ላይ አለብሳታለሁ ብዬ ነው።

ጠዋት በሩ ላይ ስንደርስ የምሕረት እናት ከልጇ ጋር ቀድማን ቆማለች። ሌሎችም እናቶች አሉ። ዘበኛው ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያካሉ።

"አካም ቡልቴ፣ ዘነቡ?"

"ነጋ፣ ኦቦ። እንዴት አደሩ?"

"ምን አድራለሁ! ሸሚዝ ፈትሽ ተብያለሁ። የሴት ልጅ ሸሚዝ እኔ ሽማግሌው በየት በኩል ነው የምፈትሸው? ነውር አይደለም? እንኳን የሰው ልጅ የራሴንም ልጅ አልፈትሽ።"

እናቶቹ ሳቁ። ምክትሉ ሳቁን ሰምቶ መጣ። ዙሪያውን አየ፤ የማን እንደተቀየረ የማን እንዳልተቀየረ በዐይን መለየት አልቻለም። የሚያውቃት አንዷን ብቻ ነው።

"ቃልኪዳን፣ አንቺ ተመለሺ። ሸሚዝሽን ቀይረሽ ነይ።"

እጄ ወደ ቦርሳዬ ገባ። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ልጄ ሰማችው። ዞር ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ከነቦርሳው።

"ተይው፣ እማዬ።" ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "መምህር፣ ያንን አልለብስም። ስለብሰው መቆም አልችልም።"

ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀርባዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። እዚያ በር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ ለቅቃ ነበር የቆመችው። እጄን ከቦርሳው ውስጥ አወጣሁ። "ዛሬ ከመለሷት ነገ በዚሁ ሸሚዝ ትመጣለች። ከነገ ወዲያም። እኔም አብሬ እቆማለሁ" አልኩት።

"የኔም" አለች የምሕረት እናት፤ ከሷ ኋላም ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ኋላም ሌላ።

መምህርት ሐዊ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ከሜዳው በኩል መጣች። "መምህር፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ልጆቼ በር ላይ ቀሩብኝ" አለችው፤ ስለ ሸሚዝ አንድም ቃል አላነሳችም። ደወሉ ተደወለ። ምክትሉ ሰዓቱን አየ፣ እናቶቹን አየ፣ ኦቦ ገመቹን አየ። ኦቦ ገመቹ ሰማዩን ያያሉ።

"ለዛሬ ይግቡ" አለ።

ያ "ለዛሬ" እስከ አሁን ቀጥሏል። ማስታወቂያውን ማንም አላነሳውም፤ ማንም አያነበውም። አንድ ነገር ግን ሰምቻለሁ፤ ለመጪው ዓመት ከፋብሪካው ጋር ሲነጋገሩ የሴቶቹ ሸሚዝ አቆራረጥ ለብቻ ይሁን ተብሏል አሉ። ይሁን አይሁን አላውቅም። ካልሆነም ጠረጴዛዬ የትም አልሄደም።

ባለፈው ሳምንት ቃልኪዳን ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች። ጉልበቷ ተልጧል፣ ፊቷ አቧራ ለብሷል። ገና በወጉ ሳላያት "ወደቅሽ? የት ወደቅሽ?" ብዬ ጮህኩ፤ ይህ ጠባዬ እንደሆነ ከእኔ ጋር ይቀበራል። እሷ ግን ጉልበቷን ትታ ክንዷን ወደ ላይ ሰቀለች። ሸሚዟ ከብብቷ ሥር፣ እኔ የጨመርኩት ጨርቅ ላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተተርትሯል።

"ቅርጫት ኳስ ነው፣ እማዬ። ከላይ ቀማኋት! ትቆጫለሽ?"

በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሰፋሁት ሲተረተር እንደማፍር የሚያውቀኝ ያውቃል። ስፌቱን በጣቴ አየሁት። ወደ ጎን የተጎተተ አይደለም፣ የተቀደደ አይደለም። ብብት ሥር እንዲህ የሚተረተረው እጅ እስከ መጨረሻው ሲሰቀል ነው።

"አውልቂው" አልኳት። "ድርብ አድርጌ እሰፋዋለሁ።"

"ነገም ጨዋታ አለን እኮ። እንደገና ቢተረተርስ?"

"ይተርተር። ክር አለኝ።"